የመጠለያው ቁልፍ

ቁልፉ እኔ ዘንድ ነው። ሌላ ማን ይይዘው?
ኮሚቴው ሲመርጠኝ ዝም ብዬ የተቀበልኩት ለዚህ ነው።
ቂርያት ጋት፣ ቁጥር አሥራ ስምንት፣ ከደረጃው ሥር፣
አሥራ ሁለት እርከን ወርዶ አንድ የብረት በር፣
ግድግዳው ክንድ ከስንዝር።
ለጦርነት ነው የሠሯት፤
እኛ ግን ሐሙስ ሐሙስ ስንዘፍን አደርንባት።

ይስማው ቀን ካሮት ያጥባል፣ ከማሸጊያው ፋብሪካ፤
እጁ ውኃ ጠጥቶ፣ ጣቱ ቀለም ይዞ ይመጣል፤ ለካ
ማሲንቆ አያኮርፍም፤ ያንኑ እጅ ነው የሚፈልገው፣
ቀኑን ሙሉ የደነዘዘውን ማታ የሚያነቃው።

የፈረስ ጭራ ከየት ይምጣ? ከሞሻቡ አንዲት አሮጊት ፈረስ ነበረች፤
ለማያውቁት አትቀርብም፣ ፖም ግን ትወዳለች።
በብስክሌት ሄደ፣ በፖም ደለለ፣ ጥቂት ዘለላ ይዞ ተመለሰ፤
ፈረሲቱ በክረምቱ ሞተች፤
ጭራዋ ግን አሥር ዓመት አለቀሰ።

ሳይረን ሲጮኽ መቼም ሕንፃው ሁሉ ወደዚያው ነው፦
ሞሮኳዊው ከነፒጃማው፣ ሉድሚላ ከነድመቷ፣ ሕፃኑ ከነለቅሶው።
ይስማው ጆሮውን ያዘነብላል፤ መቃኛውን ጠምዘዝ፣ ላላ፣
ጩኸቱ ከወጣበት ይወጣል፣ አብሮት ይጮኻል፤ ከዚያ በኋላ
የላይኛው ሲያቆም የሱ አያቆምም፣
ዝቅ፣ ዝቅ፣ ዝቅ ይላል፣
ያንኑ ድምፅ እንደ ነጠላ አጣጥፎ አንቺሆዬ ያደርገዋል፤
ሕፃኑ አፉን እንደከፈተ ለቅሶው ይጠፋዋል።

ሉድሚላ አንዴ ጠየቀችው፦ «ቫዮሊንህ አንድ ክር ብቻ፤ ሦስቱ የት ሄዱ?»
«በሱዳን በኩል ነው የመጣነው፤ መንገድ ላይ ቀሩ።»
እሷ ሳቀች፤ ቀልድ ነው።
የወንድሞቹን ስም የምናውቅ እኛ
ወለሉን ነው ያየነው።

እንጉዳይ ማይክ አትወድም፤ «ብረት አልስምም» ትላለች፣
ትምህርት ቤት ጠርጋ መጥታ፣ ጓንቷን አውልቃ ትጀምራለች።
ዘፈኗ ውስጥ የማንም ስም የለም፤
ግን ስሙ የተጠራ ያልመሰለው የለም።
በልጄ ሠርግ ዘፍና፣ ገንዘብ ብሰጣት፣
«ሲፋቱ ትከፍለኛለህ» አለች።
አልተፋቱም።
ዕዳዬን ይዛ ሄደች።

ስለ አውላቸው ከበሮ ብዙ አልጽፍም።
የልብስ ማጠቢያው ሲጨምቅ
እሱን እየሰማሁ
ከወጥ ቤት እወጣለሁ፤ አልችልም።

ማሲንቆው ዛሬ ልጁ ቤት፣ ከቴሌቪዥኑ በላይ ተሰቅሏል።
ሄጄ አይቼዋለሁ። አቧራ የለበትም፤
ይኼ ነው የከፋኝ፦
የሚወለወል እንጂ የሚዳሰስ አይደለም።

መቃብሩ ላይ የልጅ ልጁ በዕብራይስጥ የተጻፈውን አነበበ፤
«ትርጉሙ ምንድን ነው?» ብሎ አጠገቤ ቀረበ።
ቅርብ ነው፣ «ይሽማ» በለው አልኩት።
«ማን? ምኑን?» አለኝ።
የቀረችውን አንዲት «ው» ማስረዳት አቃተኝ።

ያለፈው ማክሰኞ፣ ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት፣ ሳይረን ጮኸ፤ ወረድን።
ድመቷ ሌላ ድመት ናት። ሞሮኳዊው በምርኩዝ ነው።
ያ ሕፃን ጢም አብቅሏል፣ ስልኩን ያያል።
ጩኸቱ ቆመ፤
ማንም ግን አልተነሣም፣
ሁላችን ጣሪያውን እያየን የቀረውን ጠበቅን፤
አንድ ነገር ወርዶ እንዲያሳርፈን።

ያኔ ሉድሚላ፣ ዓይኗን ጨፍና፣ በአፍንጫዋ ጀመረች፣
ዝቅ፣ ዝቅ፣ ሦስተኛው ላይ ግን ሳተች።
ላርማት አፌን ከፈትኩ፤
መልሼ ዘጋሁት።

ይስማው።